እስከ ሰኞ የምትማረው

ሐሙስ፣ ከሰዓት በኋላ

…እና ሰሌዳው ላይ «ውሃ ጠጣ» ብዬ ጻፍኩልህ፤ ድምፅህ ሲሰነጠቅ ሰምቼ ነው። ከኮምፒዩተሩ ጀርባ ቆሜ፣ የድሮ ተማሪዎቼን ትንሿን ጥቁር ሰሌዳ ደረቴ ላይ ይዤ፣ ጠመኔው በላብ ርሶ። ከሁለት ዓመት በፊት ነው፤ ለሥራው በቪዲዮ የሚፈትንህ ሰውዬ ሰርቨሩ ቢወድቅ መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ ብሎ ጠይቆህ ነበር። አንተ፣ ከዚያ በፊት ሃያ ደቂቃ ሙሉ እንዳደረግከው፣ ዓይንህን ከስክሪኑ ጫፍ ትንሽ ከፍ አድርገህ የተጻፈውን አነበብክ። መጀመሪያ ውሃ እጠጣለሁ አልክ። ረጋ ብለህ። ጠመኔው ከእጄ ወደቀ። ሰውዬው ግን ሳቀ፤ ከጧት ጀምሮ የሰማሁት ምርጥ መልስ ይሄ ነው፣ እኛ የምንፈልገው የማይደናገጥ ሰው ነው አለህ። ሳስበው ሥራውን የሰጡህ ለዚያ መልስ ይመስለኛል። ከቀሩት መልሶች አንዱም ያንተ አልነበረም። ለነገሩ እሱም ያንተ አልነበረም።

ሰላምታዬን ሳላስቀድም ወሬ ውስጥ ገባሁ፤ እማ ብታየኝ ትቆጣ ነበር። ደህና ነህ ወይ የእናቴ ልጅ? ጤናህ እንዴት ነው? ሆድህስ ቻለው? አዲስ አማች ለሳንክራንቲ በዓል ቢማቫራም ሄዶ በራሱ እግር የሚመለስ የለም ይላሉ። ሚስትህ ፕራቫሊካ በላከችልኝ ፎቶ ላይ እሷኑ ፈልጌ ማግኘት አቅቶኝ ነበር፤ ሳህን ብቻ ነው የሚታየው። አንተ መሀሉ ላይ ተቀምጠህ ፈገግ ብለሃል፤ የፈገግታህ ግማሽ ግን የድረሱልኝ ነው። ፕራቫሊካ ደህና ናት? እናቷ፣ አባቷ፣ እኚያ ጆሯቸው የከበደ አያቷስ? በእኔ ስም እጅ ንሳልኝ።

እኔ ደህና ነኝ። እማም ደህና ናት። እሷ ጋ፣ ጃንጋኦን፣ ዘንድሮ ብርዱ ጠንክሯል፤ ጉልበቷን እያሸች ወንበሯን ከፀሐዩ ጋር ታዞራለች። ስለሆነው ነገር ምንም አታውቅም። አልነገርኳትም።

በወረቀት የምጽፍልህ ስደውልልህ ስለምታስቀኝ ነው። ከሳቅኩ እሺ እላለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ እሺ ያልኩት ሁሉ ከሳቅ በኋላ ነው።

ትናንት፣ የበዓሉ ሦስተኛ ቀን በሆነው በካኑማ፣ ምን እንደሆነ በስልክ በቁራጭ በቁራጭ ነው የነገርኩህ። አንተም በቁራጭ ነው የሰማኸኝ። ከመጀመሪያው ልንገርህ።

ጧት የተለመደውን አሥር ደቂቃ ስብሰባ ከአማቶችህ ሰገነት ላይ ሆነህ በስልክ ገባህ። የላክሁልህን ሦስት ዓረፍተ ነገር ተናገርክ፤ ደህና አድርገህ ነው የተናገርከው። ከዚያ ወጣህ። እኔ እዚህ ሐይደራባድ፣ ኩካትፓሊ ቤታችን፣ ከወጥ ቤቱ ጎን ባለችው ክፍል፣ በመሥሪያ ቤትህ ላፕቶፕ ሥራህን ቀጠልኩ። አምስት ሰዓት ሲሆን መሥሪያ ቤትህ የሚያንቀሳቅሰው የዓይን ሆስፒታሎቹ የቀጠሮ ፕሮግራም ቆመ። ሁሉም በአንድ ጊዜ። ናግፑር ያለው ሆስፒታል ውስጥ ዓይናቸው የታሰረ ሽማግሌዎች ተራ ቁጥር የሚሰጣቸው አጥተው ኮሪደር ላይ ቆመዋል ብለው ጻፉ። ዓይናቸው የታሰረ። ያቺን ቃል ባይጽፏት ይሻለኝ ነበር።

ተረኛው አንተ ነበርክ። ማንቂያው የሚጮኸው በተረኛው ስልክ ብቻ ነው፤ ስልኩ ደግሞ አንተ ጋ ነው። ከሁለት ቀን በፊት ጀምሮ የሰርቨሩ ዲስክ ሊሞላ ነው እያለ ሲጮህ ነበር። ለምን እንዳጠፋኸው ፕራቫሊካ ነግራኛለች፤ አልፈርድብህም። አማትህ የጎንጉራውን ወጥ ሊጨምሩልህ ጎንበስ ሲሉ ኪስህ ውስጥ ጮኸ፣ ደንግጠው ጭልፋውን ጣሉት፣ አባቷም ልጄ፣ ይሄ ሥራህ ከእኛ ከበለጠብህ እዚያው ብታገባ ይሻልህ ነበር አሉ። አጠፋኸው። እኔም ብሆን አጠፋው ነበር።

ሰርቨሩ ውስጥ ለመግባት አንተ በየጧቱ ከስልክህ የምታነብልኝ ስድስት ቁጥር ያስፈልገኛል። የጧቱ ጊዜው አልፎበት ነበር። ደጋግሜ ደወልኩልህ። በመጨረሻ ያነሳችው ፕራቫሊካ ናት። አካ፣ ታላቅ እህቴ፣ ስልኩን ትራሱ ሥር ረስቶት ከዘመዳችን ከሳቲ ባቡ ጋር ዶሮ ሊያዋጋ ሄዷል፣ እኔ ግን አልነገርኩሽም አለችኝ እየሳቀች። ፕራቫሊካዬ፣ ስልኩን ክፈቺውና ስድስት ቁጥር የሚታይበትን ፈልጊልኝ አልኳት። መክፈቻውን ታውቀዋለች፤ የሠርጋችሁ ቀን ነው። ማንበብ ጀመረች። አራተኛው ላይ ስትደርስ፣ ውይ፣ ጠፋ፣ ምን ነካሁበት? አለች። ምንም አልነካሽም፣ በየግማሽ ደቂቃው ይቀየራል፣ አዲሱን ቶሎ በዪ አልኳት። ቶሎ አለች። ገባሁ።

ስልኩን አልዘጋችውም። ጣቶቼን ስትሰማ ነበር መሰለኝ፤ በጣም ፈጥነው ነበር። አካ፣ ይሄ ምንድን ነው? አለችኝ። የሥራ ነው አልኳት። የማን ሥራ? አለች።

የሞላ ዲስክ እያየሁ ነበር። አልመለስኩላትም። እሺ በቃ፣ አልረብሽሽ አለች። ድምፅዋ ግን ቅድም ስታነሳው የነበረው አልነበረም።

የቡድኑ ሁሉ ሰው የድምፅ ስብሰባ ላይ ገብቷል። እኔ በአንተ ስም ገብቼ እንደ ወትሮው ማይኩ ተበላሽቷል ብዬ ጻፍኩ። አለቃህ ማላርቪዢ፣ ያ ማይክ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲበላሽ ከርሟል፣ ዛሬ ሆስፒታሎቹ መስመር ላይ ናቸው፣ የሚናገር ሰው ነው የምፈልገው አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። እኔም ጣቴ ሄዶ ማይኩን ሲከፍት አየሁት። ዲስኩ በመዝገብ ፋይሎች ሞልቷል፣ አምስት ደቂቃ ስጡኝ አልኩ።

 ከዚያ ያ ዲቫካር፣ ቀልደኛችሁ፣ ወንድሜ፣ ጉንፋኑ በጣም ጠንቶብሃል፣ ዝንጅብል በማር ጠጣበት አለ። ሰዎች ሳቁ። ማላርቪዢ፣ ዲቫካር፣ ዝም። አምስት ደቂቃ ጠይቃለች፣ አምስት ደቂቃ ሰጥቻታለሁ አለች።

ሰባት ደቂቃ ፈጀብኝ።

*

ማላርቪዢ ከሰዓት በኋላ በዚያው በላፕቶፑ ደወለች። ምሳዋን እየበላች ነበር፤ የምሳ ዕቃው ክዳን ሲንኳኳ እሰማለሁ። ስምሽ ማን ነው አለችኝ። ነገርኳት። ሙሉውን አለች። ሙሉውን ነገርኳት፤ ፊደሉን አንድ በአንድ አስቆጠረችኝ። ከዚያ፣ ባለፈው ክረምት የድሮ ቅጂዎችን የሚያጠፋውን የፕሮግራም ጽሑፍ የጻፈው ማን ነው፣ ያ «ከማጥፋትህ በፊት ቁጠር፣ ከቆጠርክ በኋላ ደግመህ ቁጠር» የሚል ማስታወሻ ያለበት? አለችኝ። እኔ ነኝ አልኳት። እንደ አስተማሪ ነው የምትጽፊው አለች፤ እኔ ደግሞ ይሄ ልጅ ሲናገር ለምን እንደ ተማሪ እንደሚናገር ሁለት ዓመት ሲገርመኝ ኖሯል።

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይቀለኝ ነበር። ለበላይ ብናገር ነገ ጧት ደብዳቤው ይደርሰዋል፣ ሐይደራባድ ውስጥም ሌላ በር አይከፈትለትም አለች። አልናገርም። ግን እንዳላየሁም አልሆንም። ሰኞ በአራት ሰዓት ጋቺቦውሊ ቢሮ ይምጣ። ባዶ ማሽን እሰጠዋለሁ። ብቻውን። እስከ ሰባት ሰዓት ከምንም ተነስቶ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ተክሎ፣ አስነስቶ፣ ሲወድቅ የሚያነሳውን ሠርቶ ያሳየኝ። ካሳየኝ ካኑማን ረስቻለሁ።

ካላሳየዎትስ? አልኳት።

ወንበሩ አንድ ነው አለች። ክዳኑን ገጠመች።

ለአንተ ማታ ስነግርህ ምን እንዳልክ ታስታውሳለህ? ከሳቲ ባቡ ዶሮ ጀመርክልኝ። እንዴት እንደዘለለ፣ የነጩን ክንፍ እንዴት እንደያዘ፣ ሰዉ እንዴት አንተን በትከሻው እንዳነሳህ፤ ዶሮውን እንጂ አንተን ለምን እንደሚያነሱ አልገባኝም። ከዚያ፣ አካ፣ አትጨነቂ፣ ያቺን ትንሿን ማዳመጫ ጆሮዬ ውስጥ እከታታለሁ፣ እንደውም ፀጉሬ አድጓል አልክ። ካልሆነም ጠረጴዛ ሥር ትገቢያለሽ፣ ሰሞኑን ከስተሻል። ሳቅኩ። እሺ አልኩ።

የማዳመጫው ነገር አይሆንም። ሰኞ በአራት ሰዓት ጆሮህ ውስጥ መናገር አልችልም። ለምን አትበለኝ።

ዓርብ

ዛሬ የምጽፍልህ መማር ያለብህን ነው። ሁለት ዓመት የሚፈጅ ነገር ነው፤ አንተ ከቅዳሜ ማታ እስከ ሰኞ ጧት አለህ። ቢሆንም የመጀመሪያው ነገር የመጀመሪያ ነው፤ እሱን ከያዝክ ማላርቪዢ ቀሪውን በልምምድ ያመጣዋል ልትል ትችላለች። ፍትሐዊ ሴት ናት። ከላፕቶፑ ጎን የድሮ ኮምፒዩተራችንን አጽድቼ አስቀምጬልሃለሁ፤ ባዶ ነው፣ አበላሸው። አንዱን እያበላሸህ ካልሆነ አትማረውም።

ከጥቁሩ ስክሪን ጀምር። ከሊኑክስ፣ ሰርቨሮቻችሁ ከሚሠሩበት። ሌላ ምንም አትክፈት። የት እንዳለህ፣ ዙሪያህ ምን እንዳለ፣ ያለው ነገር የማን እንደሆነና ማን እንዲነካው እንደተፈቀደለት የሚነግሩህን ትእዛዞች ጣትህ እስኪለምዳቸው ደጋግማቸው። የኮምፒዩተር አስተማሪህን ኮቴሽዋራ ራዎ ሰርን አስታውስ። አሚርፔት፣ ሦስተኛው ፎቅ፣ ሁለት መቶ ሰው በአንድ ክፍል ትከሻ ለትከሻ። በየመሀሉ የት ነህ? ብለው ይጮሃሉ፤ ሁለት መቶው በአንድ አፍ ትእዛዙን ይመልሳል፣ ፒ ደብልዩ ዲ! ታች ያለው የመነጽር ነጋዴ ሳይቀር ለምዶት አብሮ ይጮህ ነበር።

አንተ አታስታውሰውም ይሆናል። የወፍ በሽታ ይዞህ ተኝተህ ነበር። አሥራ አንድ ቀን። እማ የላከችኝ ምግብ እንዳበስልልህ ነው፤ አንድ ዓመት ብቻ፣ ልጁ ሥራ እስኪይዝ፣ የምታስተምሪበት ትምህርት ቤት አይሸሽም ብላኝ። ደብተርህን ይዤ ሄጄ በሩ ላይ ወንድሜ ታሞ ነው፣ ልጻፍለት አልኩ። ኮቴሽዋራ ራዎ ሰር ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ክፍያው የአንድ ሰው ነው፣ የሚቀመጠውም አንድ ሰው ነው፣ ማን እንደሚቀመጥ የቤታችሁ ጉዳይ ነው አሉ። ተቀመጥኩ።

ያን ቀን ምን እንደተሰማኝ ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለአንተም በስልክ አልነግርህም ነበር። ጥቁሩ ስክሪን ላይ አንዲት ትንሽ መስመር ብልጭ ድርግም ትላለች። ትጠብቃለች። የማን ልጅ ነሽ አትልም፣ ዕድሜሽ ስንት ነው አትልም። ትክክል ከጻፍክ ትሠራለች፣ ከተሳሳትክ የት ጋ እንደተሳሳትክ ትነግርሃለች። እንደዚያ አድርጎ ያናገረኝ ሰው አልነበረም።

አሥራ ሁለተኛው ቀን ተሻለህ። ደብተሩን መለስኩልህ። ከዚያ በኋላ በየማታው ሳህን እያጠብኩ ዛሬ ምን ተማራችሁ እያልኩ ስጠይቅህ፣ አካ፣ ፈተና ላይ ነኝ እንዴ? ትለኝ ነበር። አንተ ስትተኛ ደብተርህን ከፍቼ እማር ነበር።

ወደ ነገሬ። መዝገብ ማንበብ ተማር። ማሽን የሚሆነውን ሁሉ ይጽፋል፤ ሰዎች የሚፈሩት የሚያነቡት ስለበዛባቸው ነው። ከታች ወደ ላይ አንብብ። የመጨረሻው መስመር እየጮኸ የሚናገረው ብዙ ጊዜ ውጤቱን ነው፤ ምክንያቱ ጥቂት መስመር ከፍ ብሎ በለሆሳስ ተጽፏል።

ሁለት ጊዜ በእጅህ የሠራኸውን ሦስተኛ ጊዜ በእጅህ አትሥራው። ጻፈው፣ ማሽኑ ይሥራው። ለሰኞ ባሽ የሚሉት የትእዛዝ መጻፊያ ቋንቋ ይበቃሃል። ፓይተን በሚቀጥለው ወር።

ጊት። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ልበል።

ጊት የተሠራውን ለውጥ ሁሉ ከነታሪኩ ይይዛል፤ ማን ለወጠው፣ መቼ፣ ምን ብሎ። ስትመዘግብ ምን እንዳደረግክ አትጻፍ፣ እሱ ራሱ ይታያል፤ ለምን እንዳደረግከው ጻፍ። ባለፈው ኅዳር፣ ለሠርጉ ልብስ ልትለካ የሄድክ ቀን፣ የሁለት ዓመቱን ዝርዝር ከፍቼ ከላይ እስከ ታች ስሙን ብቻ አየሁት። አንድ ሺህ አራት መቶ ያህል ነው። በእያንዳንዱ ጎን ያንተ ስም። ቆንጆ ስም ነው፤ አባባ ነው ያወጣልህ። አንዱን ለውጥ የሠራሁት እማ ሆስፒታል የገባች ቀን ነው፣ አንዱን የሠራሁት ያ ለጋብቻ ጠይቆኝ የነበረ የካሪምናጋር መምህር መልስ አጣሁ ብሎ ሌላ ሴት ያገባ ቀን። እማ ልጁ ሥራው እስኪጸናለት ትቆይልን ብላ መልሳው ነበር። ልጁ ሥራው ጸንቶለታል ያልናቸው ጊዜ እሱ ልጅ ወልዶ ነበር። ይህ ሁሉ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ያለው፣ «የዲስክ ገደብ ተጨመረ፣ ምክንያቱም…»

አልወቅስህም። እኔ ነኝ የጻፍኩት። እጄን የያዘው ሰው አልነበረም። ለማንም ሳልናገር ደስ ይለኝ ነበር ደግሞ፤ ይህንን ስትሰማ ካዘንክብኝ ልክ ነህ። ሥራህን ላንተ ብዬ ብቻ አልሠራሁትም።

ዶከር። እማ ከጃንጋኦን ምግብ ስትልክልን በዚያ በተደራራቢው ብረት ዕቃ ሩዙን፣ ምስሩን፣ አቻሩን፣ ጨው እንኳ ሳይቀር ለብቻው በወረቀት ጠቅልላ ነው፤ የሐይደራባድን ጨው አታምንም። የትም ቢከፈት የእማ ምግብ ነው። ዶከርም ይኸው ነው። ፕሮግራሙን ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር ታሽገዋለህ፤ በማንም ማሽን ላይ ቢከፈት ያው ይሆናል። ሲታሸግ ምን እንደገባበት መናገር መቻል አለብህ። ማላርቪዢ የምትጠይቅህ እሱን ነው።

ኩበርኔቲስን፣ ብዙ ዶከሮችን በአንድ ላይ የሚያስተዳድረውን፣ አትንካው። ስሙንም አታንሳ። ሰው ሁሉ ሥራ ፍለጋ ላይ ያወራዋል፤ አንተም አማትህ ቤት ስታወራው ሰምቼሃለሁ፣ አያቷ የመድኃኒት ስም መስሏቸው ለወገቤ ይሆናል ወይ ብለው ጠይቀውሃል። ሰኞ ካነሳኸው ትጠይቅሃለች፣ ከጠየቀችህ ታልቃለህ።

ክላውድ በኢንተርኔት የምትከራየው የሌላ ሰው ኮምፒዩተር ነው፤ የከፈትከውን ሳትዘጋ አትሂድ። ሥራውን በየተራ በራሱ በሚያስኬደው በጄንኪንስ ላይ አንዲት መስመር ብቻ ሥራ፤ ጽሑፉ ሲገባ ይፈትነው፣ ፈተናውን ካለፈ ይላከው፣ ካላለፈ ይቁም። መቆም መቻሉ ነው ዋናው። የምትሠራው ነገር ሁሉ ስህተት ሲያገኝ ቆሞ የሚናገር ይሁን። ዴቭኦፕስ የሚሉት ሥራ በአጭሩ ይኼ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ጸሐፊዎቹ የጻፉት ፕሮግራም ሳይሰበር ሰው እጅ እንዲደርስ፣ ሲሰበርም ማንም ሳይደበቅ ቶሎ እንዲታወቅ ማድረግ። ይህንን የምትልህ ደግሞ እኔ ነኝ። ሁለት ዓመት ተደብቄ ነው የሠራሁት።

የመጨረሻው ማንቂያ ነው። ማላርቪዢ ካኑማ ላይ የሆነውን በወረቀት ጻፊልኝ ብላ ነበር። በመሥሪያ ቤታችሁ ልማድ እንዲህ ያለ ወረቀት ላይ የሰው ስም አይጻፍም፣ ማንም አይወቀስም፤ ምን ሆነ፣ ለምን ሆነ ብቻ። ጻፍኩ። ተረኛው ማንቂያውን አጥፍቶት ነበር። ለምን? በጣም ይበዛ ስለነበር። ለምን በዛ? እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ተቀመጥኩ። ማንቂያዎቹን ያስገባሁት እኔ ነኝ። አሥራ ሰባት ናቸው። ሦስት ይበቁ ነበር። የቀሩትን ያስገባሁት አንድ ነገር ቢያመልጠን ይደርሱብናል ብዬ ስለፈራሁ ነው። ፍርሃቴን ነው ኪስህ ውስጥ የከተትኩት። እሱ ነው ምሳህ ላይ የጮኸው።

ስለዚህ ለአማትህ ጭልፋውን ያስጣልኳቸው እኔ ነኝ፤ ይቅርታዬን አድርስልኝ። አሥራ አራቱን አጥፍቻቸዋለሁ። የቀሩት ሦስቱ ሲጮሁ ግን ተነስ። ማንም ቢቆጣ ተነስ።

ቅዳሜ

ትናንት ከሰዓት በኋላ ለአንድ ጉዳይ አሚርፔት ደርሼ መጣሁ። ሴቶች የሚያድሩበት ማደሪያ አለ፤ ከኮቴሽዋራ ራዎ ሰር ሕንፃ ሁለት በር አልፎ። ለሳምንት የሚሆን አልጋ ያዝኩ። ጸሐፊዋ ወረቀት ሰጠችኝ፤ ስም የሚለውን ሞላሁ፣ ሥራ የሚለው ላይ ብዕሬ ቆመ። ባዶ ይተዉ፣ በኋላ ይሞሉታል፣ ብዙዎቹ እንደዚያ ነው የሚያደርጉት አለችኝ። ፎቶም ተነሳሁ፤ የፊት ለፊት፣ ጆሮ የሚታይበት። ፎቶ አንሺው እመቤቴ፣ ፓስፖርት ነው ሠርግ? አለኝ። የቢሮ መግቢያ ካርድ ነው አልኩት።

ማላርቪዢ ትናንት መልእክት ጽፋልኛለች። አጭር ናት። ሰኞ ሁለት ባዶ ማሽን እንዳዘጋጀች ነው የሚለው፤ አንዱ ያንተ፣ አንዱ የእኔ።

አንድ ነገር እንድታውቅ እፈልጋለሁ። እዚህ ደብዳቤ ላይ የጻፍኩት ሁሉ የማውቀው ነው። የደበቅኩት የለም። ጥሩውን ለራሴ አላስቀረሁም። በሠላሳ አራት ዓመቴ ከሰው ጋር እንዲህ እኩል ቆሜ አላውቅም፤ ከአንተ ጋር ሆነ እንጂ ከሌላ ሰው ጋር ቢሆን ደስ ባለኝ።

ፕራቫሊካ ያንን «የማን ሥራ?» የሚለውን ጥያቄ ትጠይቅሃለች። እኔን ጠይቃኝ አልመለስኩላትም፤ ከእኔ አፍ እንዳትሰማው ብዬ ነው። ባቡር ላይ ጠይቃህ ከሆነም ጥሩ። ዶሮውን አታንሳባት። በቀጥታ ንገራት። ታለቅስ ይሆናል፣ ግን ብልህ ልጅ ናት፤ ስድስቱን ቁጥር ሁለተኛ ጊዜ ስታነብ አንድም አልተሳሳተችም። እሑድ ቀን መልመጃውን እሷ ትያዝልህ፤ አንተ ስትሠራ እሷ ከወረቀቱ ትጠይቅህ።

ሩዙ በትልቁ ብረት ድስት ነው። እርጎው ዛሬ የረጋ ነው። የበዓሉን ጣፋጭ፣ አሪሴሉውን፣ ከቢማቫራም ይዛችሁ እንደምትመጡ አውቃለሁ፣ ለታችኛዋ ጎረቤታችን ለያዳማ ስጧት፣ ስኳር አለብኝ ብትልም ትበላዋለች። ቁልፉንም እሷ ጋ ነው የማስቀምጠው። ላፕቶፑ ተሞልቷል። የይለፍ ቃሎቹን ሁሉ ቀይሬ በፖስታ አሽጌ ጠረጴዛው ላይ ትቻለሁ። ከዛሬ ጀምሮ አንተ ብቻ ነህ የምታውቃቸው። እኔ ሳላይ ነው ያዘጋጀኋቸው፤ ማሽኑ ነው የመረጣቸው፣ ዓይኔን ጨፍኜ ነው ያተምኩት። ሳቅ። እውነቴን ነው።

ለእማ ሰኞ ማታ ሁለታችንም እንደውልላት። ምን እንደምንላት ያኔ እናውቃለን።

ባቡራችሁ አሥር ሰዓት ላይ ይገባል ብለሃል። እኔ ስምንት ሰዓት ላይ እወጣለሁ። ፊትህን ካየሁ ሰኞን እተወዋለሁ። ራሴን አውቀዋለሁ። በሩ ላይ ቆመህ አካ፣ ምን በላሽ? ካልከኝ ሻንጣዬን አስቀምጬ እህል ላቀርብልህ ነው። ስለዚህ ሳንተያይ።

ሰኞ እጅህ አይንቀጥቀጥ። የምትጽፈው ይታዘዝህ፣ የረሳኸው በጊዜው ትዝ ይበልህ፣ ያላወቅከውን አላውቅም ለማለት አንደበትህ አይያዝ። የአባባ ስም ባንተም በሌላውም አይጥፋ። ከፕራቫሊካ ጋር ያኑርህ። አምላክ ለእኔም ያስብልኝ በልልኝ፤ አንተ ስትለው ይሻላል።

ያሳደገችህ እህትህ

ገና ሰባት ሰዓት ተኩል ነው። ጫማዬን እያሰርኩ ነበር። ከታች የመኪና በር ተዘጋ፤ ለያዳማ ሰላምታ የሚሰጠው ድምፅ ያንተ ነው።